«ተራዝሟል» የሚለው ቃል ዋጋው ስንት ነው?

«ባንዱ እንደገና ሊሰባሰብ ነው» የሚል ወሬ ሲነሳ ደሴ ላይ ከሙዚቃ ቤቱ ይልቅ የሱቁ በረንዳ ይሞቃል። ፒያሳ ቡናውን ይዞ የተቀመጠው ጨርቅ ነጋዴ የድሮውን አሰላለፍ በጣቱ ይቆጥራል፤ ኮምቦልቻ ላይ ጭነት እስኪሞላለት የሚጠብቀው ሾፌር ደግሞ ከባንዱ ውስጥ ማን እንደቀረ፣ ማን ባህር ማዶ እንዳለ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር ያስረዳል። ወሬው ሁለት ቀን ከከረመ በኋላ ጥያቄው ወደ አንድ ነገር ይጠባል፤ መቼ ይመጣሉ? ጥቂት ቆይቶም መልሱ ይሰማል። ጉዞው ተራዝሟል።

ይህ ቃል በአድናቂው ጆሮ የሐዘን ቃል ነው። በነጋዴው ጆሮ ግን የሒሳብ ቃል መሆን ነበረበት። ምክንያቱም «ተሰርዟል» እና «ተራዝሟል» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የሙዚቃ ሳይሆን የገንዘብ ልዩነት ነው። ደሴና ኮምቦልቻም ይህን ልዩነት ባለማስላታቸው ሲከፍሉ ኖረዋል።

በአድናቂዎቹ ክርክር ውስጥ በዕድሜ ጠና ያሉት ደጋግመው የሚያነሱት ዋልያስ ባንድን ነው። ማንሳታቸውም ትክክል ነው፤ በአገራችን የአንድ ጉዞ ታሪክ የአንድን ባንድ ዕድል እንዴት እንደሚወስን ከዋልያስ በላይ የሚያሳይ የለም። ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሲጫወት የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ሙላቱ አስታጥቄ የተሳተፈበትን «ቼ በለው» የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም ያሳተመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደ። በዘመናዊ ሙዚቃ እንዲህ ያለ ጉዞ ያደረገ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባንድ ነበር ይባላል። አድማጩ ግን በአብዛኛው ከአገሩ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ መርጊያና ግርማ በየነን ጨምሮ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። ባንዱ በስብሰባ አልፈረሰም፣ መግለጫም አልሰጠም። የአውሮፕላን ትኬት ለሁለት ከፈለው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለገበያ ገጽ አንባቢ የበለጠ ጉዳይ አለው። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ዳርቻ በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ረጅም ዓመታት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ኃይሉ በ1985 ያወጣውን ካሴት እንደገና ሲያሳትምለት በመላው ዓለም መድረክ አገኘ። የተመለሰው ግን ከዋልያስ ጋር አይደለም፤ በራሱ ስም፣ ከአንድ ቤዝ ተጫዋችና ከአንድ ድራም መቺ ጋር ሦስት ሆኖ ነው። ግርማ በየነም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አልበም ይዞ የተመለሰው አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳይ ባንድ ጋር ነው። የ«ቼ በለው» የመጀመሪያው ሸክላ በሰብሳቢዎች ዘንድ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ሲሸጥ፣ የዋልያስን ስም ይዞ ውል የሚፈርም፣ ቀን የሚቆርጥ፣ ቢያጠፋ የሚከሰስ አንድ አካል አልነበረም።

እንግዲህ የበረንዳው ክርክር መሠረቱ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ሦስቱም ሁለቱም ቢመጡ ይበቃል፣ ስሙ ስሙ ነው» ይላል። ሌላው «ድራሙ ሌላ፣ ኦርጋኑ ሌላ ከሆነ የማንን ሠርግ ነው የምንበላው?» ብሎ ይቃወማል። ሁለቱም የሚዘነጉት ነገር አለ። ባንድ ሲሰባሰብ መጀመሪያ መሰባሰብ ያለበት ኃላፊነቱ ነው። የሚፈርመው ማን እንደሆነ ባልታወቀበት ጉዞ ላይ ቀኑ ቢራዘም ማንም አይጠየቅም።

የባህር ማዶዎቹ የሮክ ባንዶች በዚህ ረገድ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። ሌድ ዘፕሊን እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ላይ ለአንድ ምሽት ሲሰባሰብ፣ 20 ሺህ ያህል ሰው ለሚይዝ አዳራሽ ከ20 ሚሊዮን በላይ የትኬት ጥያቄ ቀረበ። ዝግጅቱ ለኅዳር 26 ተቀጥሮ ሳለ የጊታሪስቱ የጂሚ ፔጅ ጣት ተሰበረ። ተራዘመ ተባለ፤ ነገር ግን በዚያው አፍ «ለታኅሣሥ 10» ተባለ። በሁለት ሳምንቱም ተጫወቱ። (ከዚያ በኋላ አድናቂው የጠበቀው ትልቅ ጉዞ አልመጣም፤ ይመጣል ብሎ ገንዘብ የተቀበለም አልነበረም።) ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 መሰባሰቡን አስታወቀ፣ የ2020 ጉዞው በኮሮና ምክንያት ወደ 2021፣ ቀጥሎም ወደ 2022 ተገፋ። በሐምሌ 2022 መድረክ ላይ በወጣ በሁለተኛው ምሽት ዘፋኙ ዛክ ዴ ላ ሮቻ እግሩ ተጎዳ፤ ተቀምጦ እየዘፈነ የጀመረውን የሰሜን አሜሪካ ዙር ጨረሰ፤ የቀረው ግን ተሰረዘ። በጥር 2024 ድራም መቺው ብራድ ዊልክ ባንዱ ከእንግዲህ እንደማይጓዝ ተናገረ። የባንዱ ወዳጆች ከአራት ዓመት በላይ «መቼ?» ሲሉ ከርመው መልሱን ያገኙት ከአንድ አባል አጭር መልእክት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ያለው መራዘም ነው። ሁለተኛው በሽታም አደጋም ያለበት፣ ነገር ግን በመጨረሻ መሰረዝ የሆነ መራዘም ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ቀን የማይነገርበት፣ «ተሰርዟል» የሚባልበትም ቀን የማይመጣበት። በክፍለ ሀገር ከተሞች የሚታወቀው ይኼኛው ነው።

መቼም ለመራዘም የሚሆን ምክንያት በወሎ ምድር አላጣም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሕዝባዊ ስብሰባ ተከለከለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ እስከ ኅዳር 27 ድረስም በዚያው ቆዩ። ነጋዴው ከተመለሰ በኋላ የተዘረፈ መጋዘኑን ሲጠርግ የሙዚቃ ዝግጅት ሊጠይቅ አይችልም። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ 6 ወር ሲሞላው በ4 ወር ተራዘመ። ልብ ይባል፤ አዋጁ እንኳ ሲራዘም እስከ መቼ እንደሆነ ተነግሮ ነበር።

የሰዓት እላፊ ሙዚቃን ሁልጊዜ አይገድልም። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ክለቦች በራቸውን ዘግተው እስከ ንጋት ይዘልቁ ነበር፤ የገባ ደንበኛ እስኪነጋ አይወጣምና ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ነበረበት። እንደ ዋልያስ ያሉት ባንዶች ረጃጅም የመሣሪያ ሙዚቃ ላይ የበረቱት አንድም በዚህ ነው። ያ ግን ለሆቴል ክለብ የሚሠራ ስልት እንጂ፣ ከሐረጎ ቁልቁል በሌሊት 25 ኪሎ ሜትር ወርዶ ኮምቦልቻ ቤቱ መግባት ለሚኖርበት አድማጭ አይሠራም።

ጦርነትና ወረርሽኝ ብቻም አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ «የፍቅር ጉዞ» በሚል ስም በየከተማው ሊያደርገው ያቀደው ጉዞ የበደሌ ቢራ ስፖንሰርነት ነበረው። ዘፋኙ «አልተናገርኩም» ባለው ቃል ምክንያት በቢራው ላይ የአትጠጡ ዘመቻ ተነሳ፤ ኩባንያው ከስምምነቱ ወጣ፤ ጉዞውም ተሰናከለ። ጉዞው በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ድንኳን ነበር ማለት ነው። ይባስ ብሎ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያወርድ ቢራ ጠማቂዎች በመድረክ ላይ ገንዘብ የማፍሰስ ፍላጎታቸው ቀዘቀዘ። ቢራ የሚጠመቅባት ኮምቦልቻ ከዚያ ገንዘብ የምታገኘው መድረክ የለም ማለት ይቻላል።

ሕጉ ምን ይላል?

ነጋዴው ቀብድ ያውቃል። ደላላው ደግሞ ከነጋዴው ይበልጥ ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ድረስ ስለ ቀብድ የደነገገው በአገሩ ልማድ ከሚታወቀው የራቀ አይደለም። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ይለቃል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል።

እንግዲህ አንድ የደሴ ሰው ባንድ ለማምጣት ለአዘጋጁ ቀብድ ከፈለ እንበል። ባንዱ «አልመጣም» ካለ እጥፍ ይመለሳል። «ተራዝሟል» ካለ ግን? ውል አልፈረሰም ይባላል፤ ቀብዱም እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ «ተሰርዟል» ማለት ገንዘብ የሚያስከፍል ቃል ሲሆን «ተራዝሟል» ማለት ግን ነፃ ነው። ማንም አዘጋጅ ቢሆን ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

አዘጋጆች ሲጠየቁ «ከአቅም በላይ» ይላሉ። ይህም በሕጉ ውስጥ ትርጉም ያለው ቃል እንጂ ሰበብ ሁሉ የሚታቀፍበት ነጠላ አይደለም። በአንቀጽ 1793 ሥር የመንግሥት ክልከላ፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ ጦርነት፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም በምሳሌነት ተጠቅሰዋል። ቀጣዩ አንቀጽ 1794 ደግሞ የማይቆጠሩትን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም ውስጥ በራሱ በተዋዋዩ ድርጅት ውስጥ የተነሳ የሥራ ማቆምና የዕቃ ዋጋ መናር ይገኙበታል። በዚህ ሚዛን ሲታይ የ2014ቱ ጦርነትና የጊታሪስት ጣት መሰበር በአንድ ወገን ይቆማሉ። የባንድ አባላት በክፍያ አለመስማማት፣ የድምፅ መሣሪያ ኪራይ መወደድ፣ ስፖንሰር መጥፋት ግን በሌላው ወገን ናቸው። አብዛኛው «ከአቅም በላይ» የሚባለው ነገር ከዚህኛው ወገን የመጣ ነው።

ገንዘቡ የት ይውላል?

ትኬት ቀብድ አይደለም፤ ሙሉ ዋጋ ነው። ለምሳሌ ያህል 3 ሺህ ትኬት በ500 ብር ቢሸጥ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይሰበሰባል። ዝግጅቱ 6 ወር ቢራዘም፣ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ብቻ ቢሰላ ገንዘቡ ላኖረው ሰው 52 ሺህ 500 ብር ይወልዳል። ይህ ትንሹ ጥቅም ነው። ዋናው ያለ መያዣና ያለ ወለድ የተገኘ ብድር መሆኑ ነው። ከተማው ውስጥ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ያንን ያህል ለመበደር ቤቱን ለባንክ ሲያስይዝ፣ የሙዚቃ አዘጋጅ ግን በፖስተር ይበደራል።

የገንዘቡ አቅም ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከዚያ በፊት 500 ብር የከፈለ አድናቂ ከዓመት በኋላ 500 ብሩ ቢመለስለት እንኳ የተመለሰለት ያው ገንዘብ አይደለም። አዘጋጁም በበኩሉ በድሮው ትኬት ዋጋ የአዲሱን ኪራይ መክፈል አይችልም፤ ስለዚህ መራዘሙ ራሱ ሌላ መራዘም ይወልዳል። ለነገሩ ይህን የሚያውቅ አዘጋጅ በመጀመሪያው ሳምንት ገንዘብ መልሶ በአዲስ ዋጋ ቢጀምር ለራሱም ይሻለው ነበር።

ከአድናቂው ኪስ በላይ ግን ማንም የማይቆጥረው የትንንሹ ነጋዴ ወጪ አለ። ክፍል ይዞ ሌላ እንግዳ የመለሰ ሆቴል፣ ጄኔሬተሩን ለሌላ ሠርግ ያላከራየ ሰው፣ ፖስተር በዱቤ ያተመ ማተሚያ ቤት፣ በኮሚሽን ትኬት ሸጦ ኋላ የጎረቤቱን ፊት የሚሸሽ ወጣት። የኋለኛው ከሁሉ ይጎዳል። አዘጋጁ አዲስ አበባ ነው፤ ትኬቱን የሸጠው ልጅ ግን ነገም ሰኞ ገበያ ላይ ከገዢው ጋር ይገናኛል። በንግድ ስም መጥፋት ማለት ይህ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሌላ ነው።

«ሙዚቃ እህል አይደለም»

ይህ ሁሉ ሲነገራቸው የማይስማሙ አድናቂዎች አሉ፤ ክርክራቸውም መናቅ የለበትም። «ሙዚቃ እህል አይደለም፤ በሚዛንና በውል ካስጨነቃችሁት ባንዱ ጭራሽ አይመጣም» ይላሉ። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ የድምፅ መሣሪያው በመኪና ይጫናል፣ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ሌላ ቀን ዝግ ነው፤ አዘጋጅ የሚባለው ሰው በዚህ ላይ ቅጣት ከተጨመረበት አዳማና ሐዋሳ ይበቁኛል ይላል። እውነት አለው። ለዚህ ነው ከተሞቹ ከጉዞ ዝርዝር መጨረሻ ላይ የሚገቡትና መጀመሪያ የሚወጡት። ማሕሙድ አሕመድ በጥር 2017 ዓ.ም. የስንብት ዝግጅቱን ሲያቀርብ መድረኩ አዲስ አበባ ነበር፤ የወሎ አድናቂ ሊያየው ከፈለገ ተሳፍሮ ይሂድ ነው።

ነገር ግን ይህ ክርክር አንድ ጉድለት አለው። እስካሁን ያለ ውል በመለማመጥ የተገኘው ምንድን ነው? ለአዘጋጅ ርካሽ የሆነ ቀጠሮ ለመሰረዝም ርካሽ ነው። ደሴን ከዝርዝሩ ማውጣት ምንም የማያስከፍል ስለሆነ ነው ደሴ የምትወጣው። ጂቡቲ ሄዶ ዕቃ የሚያስጭን የኮምቦልቻ ነጋዴ ለጫኚው መኪና «ስትችል ና» ብሎ ገንዘብ አይሰጥም፤ መኪናው ግን ይመጣል።

ደግሞም ይህ አገር በሙዚቃው ገበያ ለማኝ አይደለም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ የወሎ ምድር ስም ነው። አንዱ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው የአሰብ መንገድ ላይ ያለ የሰኞ ገበያ ከተማ፣ ሌላው ከደሴ ሰሜን ያለ አምባ ነው። እነ ዋልያስ በኦርጋንና በሳክስፎን የተጫወቱት፣ በ2005 ዓ.ም. «ኤርታሌ»ን ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል ጋር ያወጣው ጃኖ ባንድም በሮክ ጊታር የሞከረው ከዚሁ ከአገሩ ቅኝት ጋር ነው። ጥሬ ዕቃው ከዚህ ይሄዳል፤ ያለቀለት ዕቃ ግን ተመልሶ አይመጣም። ነጋዴ ይህን ዓይነቱን ንግድ ከቡናና ከቆዳ ያውቀዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ነገሩ የባህል ቢሮ ስብሰባ የሚጠይቅ አይደለም። የትኬት ገንዘብ ባንድ መድረክ ላይ እስኪወጣ ድረስ በባንክ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። በቴሌብር የተሸጠ ትኬት ገዢው ማን እንደሆነ ስለሚታወቅ መመለሱም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ውሉ ላይ «ማራዘም የሚቻለው አንድ ጊዜ፣ አዲሱ ቀን በዚያው ደብዳቤ ተጽፎ፣ ከ90 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ካለፈ እንደ መሰረዝ ይቆጠራል» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ያ መስመር አንቀጽ 1885ን ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ቀብድም በአንድ ጊዜ አይሰጥ፤ ሲፈረም ጥቂት፣ መሣሪያው ሐረጎን ሲወጣ ጥቂት፣ ቀሪው ከመድረክ በፊት። ፈራሚውም በስሙ ይታወቅ። «ባንዱ» ማለት ማን ነው? ስሙ የማን ነው? አራት አባላት ከተሰባሰቡ አንዱ ቢቀር ዝግጅቱ ይቀጥላል ወይስ ይቀራል? የበረንዳው ክርክር ውል ላይ ይጻፍ።

ሌላው ደሴና ኮምቦልቻ ለየብቻ መደራደራቸውን መተው ነው። አንደኛዋ ብርድ ሌላዋ ሙቀት ከመሆናቸው በቀር በግማሽ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ያሉ አንድ ገበያ ናቸው። የአውሮፕላን ማረፊያውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከታች ኮምቦልቻ፣ ዩኒቨርሲቲውና ሰፊው ሕዝብ ከላይ ደሴ ነው። አንድ ባንድ ቅዳሜ ደሴ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ቢጫወት የመኪናው፣ የሆቴሉና የመሣሪያው ኪራይ ለሁለት ይካፈላል፤ እሑድ በቀን መሆኑም የሌሊቱን መንገድ ያስቀራል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን ሲያሠሩ ሕዝብ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲበላ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱ ከተሞች የጋራ ጣሪያ ባይኖራቸውም የጋራ ውል ሊኖራቸው ይችላል።

መጀመሪያ ይህን የሚያደርገው ምናልባት ሆቴል ባለቤት ይሆናል። ክፍሉን ያለ ቀብድ ለባንድ የሚይዘው እሱ ነውና፣ «ቀኑ ከተራዘመ የክፍሉ ሒሳብ ከአዘጋጁ ይቆረጣል» የሚል ወረቀት በሚቀጥለው ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የሚችለውም እሱ ነው። አዘጋጁ ቢፈርም ቀኑን ያከብራል ማለት ነው። ባይፈርም፣ ፒያሳ ላይ ፖስተር ከመለጠፉ በፊት ታወቀ።